ዓባይን የማይሻገር ዋስትና፦ «ጥፋቱ የባለመኪናው ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በመኪና ንግድ ውስጥ ብዙ ዘመን እንደቆዩ የሚናገሩ አንድ ጸሐፊ «ዋስትና አልሠራልኝም የሚል ባለመኪና መጀመሪያ ራሱን ይመርምር» የሚል ጽሑፍ አውጥተው ነበር። ብዙ ሰው ተቀባብሎታል። ሐሳባቸው ባጭሩ ይኼ ነው። ገዢው መመሪያ አያነብም። የክፍለ ሀገር መብራት መኪናውን ያበላሸዋል። ሰው መንደር ጋራዥ አስነክቶ ተመልሶ ዋስትና ይጠይቃል። የተበላሸውን መኪና አዲስ አበባ ድረስ ማምጣት የገዢው ግዴታ ነው። ቅሬታ ያለው ሰው ፌስቡክ ላይ ስም ከማጥፋት ይቆጠብ። ሕጉም ቢሆን የሚሰጠው 15 ቀን ብቻ ነው።

እኔ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ከአዲስ አበባ ገዝቼ፣ ዓመት ሳይሞላው ቻርጅ አልቀበልም ብሎኝ፣ በዋስትና ለማሠራት ፍዳዬን ያየሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ጽሑፉን ያነበብኩት እንደ ተከሳሽ ነው። ነጥብ በነጥብ እመልሳለሁ፤ አንዳንዱ ግን ብዙ የሚያነጋግር ስላልሆነ ቶሎ አልፈዋለሁ።

«መመሪያ አያነቡም» ይላሉ። የትኛውን መመሪያ? ከመኪናዬ ጋር የመጣው መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር በቻይንኛ የተጻፈ ነው። ስክሪኑም ቻይንኛ ነበር። ወደ እንግሊዝኛ ያስቀየርኩት ከገዛሁ በኋላ፣ ከኪሴ ከፍዬ ነው። መኪናው የተሠራው ለቻይና ገበያ ነው ማለት ነው። የነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ እንዲህ ያሉ መኪኖች በየከተማው ሞልተዋል። ብዙዎቹን ያመጣቸው የአምራቹ ወኪል አይደለም፤ አስመጪ ነው ከቻይና ገበያ ገዝቶ የጫናቸው።

ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቻይና ውስጥ የሚሸጥ የኤሌክትሪክ የቤት መኪና ባትሪውም፣ ሞተሩም፣ መቆጣጠሪያውም ቢያንስ የ8 ዓመት ወይም የ120,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና እንዲኖረው እዚያ መንግሥት አዟል። አዲስ አበባ ላይ ሻጩ «8 ዓመት ዋስትና አለው» ሲለን ያንን ቁጥር ነው የሚጠራው። ያ ዋስትና ግን ለቻይና ገዢ የተሰጠ ነው፤ ይኼን ሲሸጥ አይነግረንም። ለእኛ የሚቀረን የአስመጪው ዋስትና ነው። እሱም አንዲት ገጽ ወረቀት ናት፤ ከሥሯ ማኅተም አለ። ወረቀቷን አንብቤያታለሁ። «ከአጠቃቀም ጉድለት የመጣ ብልሽትን አይጨምርም» ትላለች። የአጠቃቀም ጉድለት ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚወስን ግን አንድ ቃል የላትም። ጸሐፊው ይኼን ነገሬ ብለው ቢሆን ኖሮ አንባቢን ከመውቀሳቸው በፊት ወረቀቷን ያረቀቀውን ሰው ይጠይቁ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። «የክፍለ ሀገር መብራት ነው» የሚለው ነጥብ።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ማርቆስ ላይ መብራት ይጠፋል፣ ይመጣል፣ ይወርዳል፣ ይወጣል። ማታ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ አምፖሉ ሲደበዝዝ ሕፃን እንኳ ያየዋል። ብዙ ቤት ደግሞ ኧርዝ፣ ማለትም ያመለጠ መብራትን ወደ መሬት የሚያወርድ መስመር፣ የለውም። የመኪና ቻርጀር ኧርዝ ካላገኘ ቀይ አብርቶ እምቢ ሊል ይችላል። ያ ሰው መብራት እንዳይዘው የተደረገ ጥንቃቄ እንጂ ብልሽት አይደለም። ይኼን ሰምቼ ስለነበር መኪናው ከመምጣቱ በፊት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቼ፣ ግቢዬን አስቆፍሬ የመዳብ ዘንግ አስቀበርኩ። ለቻርጀሩም ለብቻው መስመርና ብሬከር አስገባሁ።

መብራቱ ነው ወይስ መኪናው ነው የሚለው ግን በግማሽ ቀን የሚጣራ ነገር ነው። ቤት ስንሰካ የሚመጣው ኤሲ የሚባለው የኤሌክትሪክ ዓይነት ነው። ባትሪው የሚቀበለው ደግሞ ዲሲ የሚባለውን ነው። መሃል ቆሞ አንዱን ወደ ሌላው የሚቀይረው መኪናው ውስጥ የተገጠመ ኦንቦርድ ቻርጀር የሚባል ሳጥን ነው። ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ዲሲውን በቀጥታ ወደ ባትሪው ስለሚልክ በዚህ ሳጥን አያልፍም። እንግዲህ አስቡት። መኪናው በፈጣኑ ጣቢያ እየተቀበለ በተራ ሶኬት ግን የትም ሄዶ እምቢ ካለ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሳጥኑ ነው። በእኔ ቤት ብቻ እምቢ ብሎ ሌላ ሰው ቤት ከተቀበለ ደግሞ የሚጠረጠረው የእኔ ቤት ነው።

የእኔው እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ስሰካው አረንጓዴ ይበራል። ከውስጥ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። ማራገቢያው ትንሽ ዞር ዞር ይላል። ከዚያ ጭጭ። ስክሪኑ ላይ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፣ ቻርጀሩ ቀይ ያበራል። ነቅዬ ብሰካው ያው ነው። ጎረቤት ወሰድኩት፤ ያው። ስታቢላይዘር ያለው ሆቴል ለምኜ ሰካሁት፤ ያው። በመጨረሻ አዲስ አበባ ሻጩ ግቢ ውስጥ፣ በራሳቸው ገመድ፣ በራሳቸው መብራት ተሰካ። ጠቅ አለ። ማራገቢያው ዞረ። ቀይ በራ። በፈጣኑ ሲሰካ ግን ባትሪው ምንም ሳይል ይቀበላል።

መኪና ተቀባዩ ልጅ አየኝ፣ እኔም አየሁት። «ጋሼ፣ የእናንተ አገር መብራት ቀድሞ ጎድቶት ይሆናል» አለኝ።

በቃ! እንዲህ ከሆነ መኪናው የትም ቢበላሽ ጥፋተኛዋ ማርቆስ ናት።

ከዚያ ኮምፒውተር አደረጉት። ልጁ ላፕቶፑን ሰክቶ የብልሽት ኮዱን አነበበ፣ ፎቶም አነሳ። ብዙ መኪኖች ኮዱ ሲመዘገብ የነበረውን ሁኔታ አብረው ይይዛሉ። የገባው መብራት ከልክ በላይ ከነበረ እዚያው ላይ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው። «እስቲ አትማችሁ ስጡኝ» አልኳቸው። «የውስጥ ሰነድ ነው» ተባልኩ። የሥራ ካርዱ ላይ ግን «በቮልቴጅ መዋዠቅ የተጎዳ፣ ከዋስትና ውጭ» ተብሎ በእስክሪብቶ ተጻፈ። ኮዱ የለም። ንባቡ የለም። እስክሪብቶው ብቻ ነው ያለው።

ጸሐፊው አጥብቀው መያዝ የነበረባቸው ይኼን ነበር። ጥፋቱ የገዢው ነው የሚል ሰው ያሳይ። ማሳያ ማሽኑ ያለው በእሱ እጅ ነው። ማሽኑን የያዘው ሰው ንባቡን ደብቆ ማስረጃ አምጣ ሲለኝ ምን ይዤ ልከራከር? የሻማና የአምፖል ልዩነት ብቻ የሚያውቅ ገዢማ ገና መብራቱ ነው ሲባል አንገቱን ደፍቶ ይከፍላል። ብዙ ሰው እንደዚያ አድርጓል፤ ማርቆስ ላይ የማውቃቸው አሉ።

ደግሞስ መብራታችን ይዋዥቃል የሚለው ለሻጩ ዛሬ የተገለጠለት ነገር ነው? መኪናውን ያስገባው ለኢትዮጵያ ነው። ስታቢላይዘር የግድ ከሆነ ሲሸጥ ይንገረን፤ ወረቀቷ ላይም ይጻፈው። ብር ሲቀበል ዝም ብሎ፣ መኪናው ሲቆም መብራቱን ማንሳት አይሆንም።

«መንደር ጋራዥ አስነክተው» ለሚለው። ሻጩ ከአዲስ አበባው በቀር ጋራዥ የለውም። ማርቆስም፣ ፍኖተ ሰላምም፣ ሞጣም የለውም። ታዲያ የፍሬን ሸራ ባለቀ ቁጥር ዓባይን ልሻገር? የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት የለው፣ ካንዴላ የለው። የሚቀረው ጎማ፣ ፍሬንና የእግር ሥራ ነው። ይኼን ማንም ደህና መካኒክ ይሠራዋል፤ ከቻርጀሩ ሳጥን ጋር ምን አገናኘው?

የእኔን መኪና የማርቆሱ መካኒክ ነክቶታል፤ አልክድም። ምን እንደነካ ልንገራችሁ። የኤሌክትሪክ መኪናም እንደማንኛውም መኪና ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አለው። እሷ ከደከመች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሳም፤ ሌላም ብዙ የማይገናኝ የሚመስል ጣጣ ታመጣለች። ስለዚህ ልጁ መጀመሪያ እሷን ፈታ፣ ቴስተሩን አገናኘ፣ 12.6 አነበበ፣ መልሶ አሰራት። ከዚያ ከሥር ያለውን ወፍራም ብርቱካናማ ገመድ በጣቱ አሳየኝ። «ጋሼ፣ ይቺ ደህና ናት። ችግሩ ከዚህ ወዲያ ነው፤ እሱን እኔ አልነካም» አለኝ። ብርቱካናማው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሄድበት ነው፤ ሰው ይገድላል። ልጁ አቅሙን አውቆ እጁን ሰበሰበ። ሳንቲምም አልተቀበለኝም።

አዲስ አበባ የሥራ ካርዱ ላይ ምን ተጻፈ መሰላችሁ? «ባትሪ ማሰሪያ ላይ የቁልፍ ጭረት ታይቷል፣ በሌላ ጋራዥ ተነክቷል።»

«ማምጣት የገዢው ግዴታ ነው» የሚለው ነጥብ ሳነበው አስቆኛል። ቻርጅ የማያደርግ መኪና በምን ይምጣ? ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ በአቅራቢያዬ የለም። ጸሐፊው የሚያወሩት ከቦሌ ቃሊቲ እንደሚሄድ ሰው ነው። ስልክ ስደውል «አስጎትተው ያምጡት» ተባልኩ፤ ያውም ከራሱ ከሻጩ ቢሮ። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተሩ የሚያዞራቸው ጎማዎች መሬት ላይ እየዞሩ ከተጎተተ ሞተሩም አብሮ ይዞራል፣ ሊቃጠልም ይችላል። ምክራቸውን ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ዋስትናዬ ያን ጊዜ በእውነት ይሞት ነበር።

ስለዚህ መጫን ነበረበት። ሎቤድ የሚባለውን ዝቅ ያለ መኪና ጫኝ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ዋጋው የማይቀመስ ነው። አይሱዙ ተከራየሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ለመንገድ ሥራ የተቆረጠ ጉብታ አለ። አይሱዙው ኋላውን ወደ ጉብታው አስጠግቶ ቆመ። መሃል ላይ ሁለት ወፋፍራም ጣውላ ተነጠፈ። እኔ መሪ ይዤ፣ በቀረችው ቻርጅ፣ ስንዝር በስንዝር አስገባሁት። ጣውላው ሲንጫጫ አንዱ ጫኝ «ጋሼ፣ እንዳይቆሙ! ቀጥ ይበሉ!» ይለኛል። ቀጥ አልኩ። ጎማውን በድንጋይ አስደገፉት፣ በገመድ ጠፈሩት፣ ተነሳን።

ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሃሉ ላይ ዓባይ በረሃ አለ። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወረዳል፤ ወደ ጎሐ ጽዮን ያንኑ ያህል ይወጣል። በየመታጠፊያው ከኋላ የታሰረውን መኪና ዞሬ ሳይ አንገቴ ሊቀጭ ነበር። መኪናው ቢንሸራተትና በሩ ቢጨረገድ ያም «የገዢው ጥፋት» ይባል ነበር፤ ጥርጥር የለኝም።

መንገዱ ሁልጊዜ የሚሄዱበትም አይደለም። ሐምሌ 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ያለውን የጎጃም ሰው ያውቀዋል። አዋጁ ካበቃ በኋላም ዛሬ ክፍት የነበረ መንገድ ነገ ይዘጋል። ሹፌር ፊት ያለውን ሰው ደውሎ ሳይጠይቅ አይነሳም። የጋራዥ ቀጠሮ ይዤ መንገድ ተዘጋብኝ። ሲከፈት ስደውል «ቀጠሮ ስላላከበሩ ወረፋው አልፎዎታል» ተባልኩ። አልተቆጣሁም፤ ለዚያች ስልክ አንሺ ልጅ የደጀንን መንገድ ማን ያስረዳታል? ግን ዋስትና ሰጥቻለሁ የሚል ድርጅት ጎጃም የሸጠውን መኪና ወረፋ በመንገዱ ልክ ማስተካከል አይችልም ነበር?

መፍትሔው ያን ያህል አይከብድም። ኮዱን የሚያነበው ዕቃ ከላፕቶፕ ጋር ተደምሮ በጀርባ ቦርሳ የሚያዝ ነው። አንድ ቴክኒሺያን በአውቶቡስ ቢመጣ ትኬቱና አልጋው ከአይሱዙው ኪራይ በብዙ ይረክሳል። ሳጥኑም ቢሆን የሰው ሸክም ነው፤ እዚህ ተገጥሞ የተበላሸው ይመለሳል። ወይም ባሕር ዳር ላይ አንድ ጋራዥ መርጦ ልጆቹን ማሠልጠን ነው። ሲሸጡልኝ እኮ «ማርቆስ ድረስ እናደርሳለን» ብለው አድርሰውልኛል፤ ቁልፉን ቤቴ በር ላይ ነው የተቀበልኩት። ለሽያጭ ዓባይን የተሻገረ ሰው ለጥገና ሲሆን ጎሐ ጽዮን ላይ የሚቆምበት ምክንያት አይገባኝም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላል የእኛ አገር ሰው።

«ፌስቡክ ላይ ስም አታጥፉ» ላሉት፣ የማንንም ስም አልጠራሁም። አልፈዋለሁ።

የቀረው ሕጉ ነው። «15 ቀን ብቻ» ያሉት ሰው ስንቱን አስፈራርተው ቤቱ እንዳስቀሩት እሳቸውም አያውቁትም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የ15 ቀን ነገር አለው፤ እውነት ነው። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ መልሶ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ግን ያው ድንጋጌ ሲጀምር በሌላ ሕግ ያለ ዋስትናና ለሸማቹ የተሻለ ጥቅም የሚሰጥ ውል እንደተጠበቀ ነው ብሎ ነው። 15 ቀኑ የተጨመረልን መብት ነው እንጂ የሌላው ሁሉ ማብቂያ አይደለም። ጸሐፊው የዓረፍተ ነገሩን ራስ ቆርጠው ጭራውን ነው የሰጡን።

ሌላው ሕግ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ኃላፊ እንደሆነ ይናገራል። ገዢው ጉድለቱን ሲያገኝ ሳይውል ሳያድር ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ካስታወቀ በኋላ ክስ ለማቅረብ ያለው ጊዜ አንድ ዓመት ነው። ስለዚህ ዋናው ነገር ማስታወቁ ነው፤ ያውም በጽሑፍ። ስልክ ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ ማለት ዋጋ የለውም። ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ይጻፍ። አንዱን መዝገብ ቤታቸው ያስገቡ፣ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። ቻርጀሩ ቀይ ሲያበራ የተነሳ ቪዲዮ ካለም አብሮ ይያዝ። የሥራ ካርዱን ሳይቀበሉ ከግቢው አይውጡ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ሁላችንም የምናውቀውና የማንናገረው። ደረሰኙ። እኔ የከፈልኩትና ደረሰኙ ላይ ያለው ቁጥር አይገናኙም፤ ደረሰኙ ያነሰ ነው። ሲገዙ «እንዲህ ነው አሠራሩ» ይባላል፣ መኪናውን የፈለገ ሰው ደግሞ እሺ ይላል። ነገ ገንዘቤ ይመለስ ብዬ ብከራከር ወረቀቱ የሚመሰክረው ለትንሹ ቁጥር ነው። ሻጩ ይኼን ስለሚያውቅ ክሰስ ሲባል አይደነግጥም። ጸሐፊው በንግዱ ውስጥ ብዙ ዘመን ከቆዩ ይኼን ከእኔ በተሻለ ሊነግሩን ይችሉ ነበር።

የእኔን ጉዳይ መጨረሻ ላስቀምጥ። ጠበቃ ያየውና ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ከገባ በኋላ ነገሩ ተለሳለሰ። ንባቡን እስከ ዛሬ አላተሙልኝም። ሳጥኑን ግን ቀየሩት። መኪናው አሁን ማርቆስ በዚያው መስመር፣ በዚያው ኧርዝ፣ ያለ ስታቢላይዘር ቻርጅ ያደርጋል። የእጅ ዋጋ አስከፍለውኛል፤ የአይሱዙውን ኪራይ እንዲመልሱ የጻፍኩት ሁለተኛ ደብዳቤ መልስ አላገኘም። መኪናውን ስረከብ ያስፈረሙኝ ወረቀት «በድርጅቱ በጎ ፈቃድ የተቀየረ» ይል ነበር። እስክሪብቶ ተቀብዬ ከሥሩ «በዋስትና የተቀየረ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ልጁ ሊከለክለኝ ፈልጎ ነበር፤ አለቃው «ተወው፣ ይሂዱ» አለው።